ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ

በዚህ እትም ወደ ከተማ በወረድን ቁጥር በደጁ የምናልፈውን፣ ግን ቆም ብለን የማናየውን አሮጌውን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ እናስጎበኛችኋለን። መምህራን ነንና ታሪክ ስናወራ ትንሽ ብናስረዝም ታገሡን።

ዛሬ በዚህ ጣቢያ ባቡር አይቆምም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ የሚያወርደው ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው። እሱ በጅቡቲ በኩል የተመረቀው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። የአሮጌው ባቡር ታሪክ ግን ረጅም ነው። አጼ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ከዚሁ ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

ከባቡሩ በፊት ዕቃ የሚመላለሰው በግመልና በበቅሎ፣ በሲራራ ነበር። ከሸዋ የወረደ ነጋዴ ባሕር የሚያየው ታጁራ ወይም ዘይላ ሲደርስ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ የተነሣው በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አንኮበር እስኪደርስ አራት ወር ያህል ፈጀበት። ባቡሩ ሲመጣ ይኸው አገር በሦስት ቀን ታለፈ፤ ያውም ሌሊት ሌሊት አዋሽና ድሬዳዋ እያደሩ።

ታዲያ ለደገኛ ሰው የጅቡቲ ጣቢያ ትርጉሙ ምንድን ነው? የመሬት መጨረሻ ነው። እዚህ ወርዶ፣ ጓዙን ቆጥሮ፣ ከዚያ ወዲያ መርከብ ነው።

በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት። አብረዋቸው የጎጃሙ ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም፣ ሌሎችም መኳንንት ነበሩ። ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ መሪዎች የሚሰጡ አንበሶች ሳይቀሩ ተጭነዋል። እስቲ አስቡት፤ ያ ሁሉ ጓዝና አጀብ በባቡር ወርዶ መርከብ ላይ ሲወጣ! ከእነዚያ መኳንንት አብዛኞቹ ባሕር ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። የለመዱት በቅሎ ነው። በቅሎ ብትደነግጥ ልጓሟ ይያዛል፣ ወንዝ ቢሞላ እስኪጎድል ይጠበቃል። መርከብ ላይ ግን ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ነው። ራስ ቢሆኑ፣ ደጃዝማች ቢሆኑ፣ ካፒቴኑን ከማመን በስተቀር የሚያደርጉት ነገር የለም። ሆኖም ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የሄዱት፤ በየደረሱበት ወደብ የሚቀበላቸው ሰው ነበረ።

ከዚያ ጉዞ የተገኘው ትልቁ ነገር ለእኛ ለስደተኞች ሊነገር የሚገባው ነው። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ በአርመን ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ልጆች ነበሩ። ከገዳሙ አለቃ ጋር ተስማምተው 40 ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ፣ ልክ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል በጳጉሜን 1916 ገቡ። “አርባ ልጆች” የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ አወጣ። አዎ፣ አያቶቻችን ባንዲራ ሲሰቀል ቆመው ያዳመጡት ዜማ የስደተኛ ሥራ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባን በባቡር ለቀቁ። ሚያዝያ 26 ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። በማግስቱ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። መሄዳቸው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኛ እሱን አንፈርድም። የምንለው ይህን ነው፦ ወላጅ አልባዎቹን የተቀበለው ሰው ራሱ ተቀባይ ፈላጊ ሆኖ በዚያው ሐዲድ ላይ ተመልሶ መጣ።

በክፍል ውስጥ ይህን ስናስተምር አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ “ቲቸር፣ ተሰዶ የተመለሰ ሰው አለ ወይ?” ብሎን ያውቃል። አለ። ንጉሡ በሱዳን በኩል ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። አርባዎቹ ልጆች ደግሞ ወደመጡበት አልተመለሱም፤ ግን አገር አገኙ። ሁለቱም የስደት መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ዛሬም ከጅቡቲ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ሰውም መኪናም የሚጭን ፌሪ ይሻገራል። ሹፌሩ መኪናውን አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መሪው ሥራ የለውም፤ እንደ መኳንንቱ ልጓም መሆኑ ነው። ቢሆንም መርከቡ ይታወቃል፣ የሚደርስበትም ወደብ ይታወቃል።

ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት ወደ የመን የሚነሡት ጀልባዎች ግን ሌላ ናቸው። በጥር 2011 ዓ.ም. ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያም ወዲህ በዚያ ባሕር ላይ ሌሎች ጀልባዎች ሰጥመዋል። እነዚህም እንደ መኳንንቱ ባሕር ያላዩ ደገኞች ናቸው። ልዩነቱ ጀልባውን የያዘው ሰው ስሙ አለመታወቁና ማዶ ላይ የሚጠብቃቸው ዘመድ አለመኖሩ ነው። የሚጠብቃቸው ካለም ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን፣ “ፈሪ ናችሁ” እንዳትሉን። አትሂዱ ብቻ ብለን ዝም ማለት አንፈልግም፤ መጠለያ ውስጥ ዓመት ሲደራረብ ምን እንደሚያደርግ እኛም እናውቀዋለን። ግን ከመሬት ወደ ውኃ የሚረግጥ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። ልጓሙን የያዘው ማን ነው? ማዶ የሚቀበለኝስ ማን ነው? ለሁለቱም መልስ ከሌለ፣ ሐዲዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ትንሽ መቀመጥ ነውር የለበትም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ግን አይዋጥም።

በመጨረሻም፣ ከመካከላችሁ በአሮጌው ባቡር የሠራችሁ ወይም የተሳፈራችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ፣ ትዝታችሁን ለትምህርት ቤቱ መምህራን ንገሩን፤ ለሚቀጥለው እትም ጽፈን እናወጣዋለን። ልጆቻችን ስለዚያ መንገድ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከእናንተ አፍ እንዲሰሙ እንፈልጋለን።

ሰላም ቆዩን።