የዓሣዎቹ እርሾ

አደራ ከባድ ነገር መሆኑን ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል። በኪሎ ሲመዘን ምን ያህል እንደሚሆን ግን እኔ ያወቅሁት ባለፈው ክረምት፥ ቤተሰባችን ከጉለሌ ወደ ሰሚት ቤት ሲቀይር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ጎልድፊሽ የሚባሉ ስድስት ዓሦች ያሉበትን የመስታወት ገንዳ ለእኔ አደራ ብሎኝ ነበር። ገንዳውን አባታችን ከማረፉ በፊት ከእርሱ ጋር ሆኖ በገዛ እጁ ያጣበቀው ስለ ሆነ፥ በቤታችን እንደ ማንኛውም ዕቃ አይታይም። ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 40፥ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር ነው። ይህ ሲባዛ 240 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝንም መስታወቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር ሁለት ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸክም ነው።

ጫኝና አውራጆቹ፥ «ከነውኃው እናንሣውና እንገላገል፤ አራት ሆነን አያቅተንም» አሉ። ጉልበታቸውን አልተጠራጠርሁም። ነገር ግን በሲሊኮን የተጣበቀ ገንዳ ውኃ ይዞ ሲነሣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን እያጋደለ መገጣጠሚያውን ያላቅቀዋል፥ ወይም መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ባዶውን በፍራሽ ላይ እንዲጭኑልኝ ለመንኋቸው። ዓሦቹ ባልዲያቸውን እንዳያቆሽሹ ከዋዜማው ጀምሬ ምግብ ከልክያቸው ነበርና፥ በራሳቸው ውኃ በሁለት ባልዲ ከፈልኋቸው። ለመተንፈሻ እንዲሆናቸው ባልዲዎቹን እስከ ግማሽ ብቻ ሞላሁ። ከቀረው ውኃ ሰባት ጀሪካን ቀድቼ አስቀመጥሁ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ፥ «ወደ አዲስ ቤት እድፍ ይዤ አልገባም» ብላ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና ልታጥብ ብድግ አለች። ስፖንጁ በእውነት ጠቁሮ ያንሸራትት ነበር። «እማዬ፥ ተይው» አልኋት። «ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በዚህ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሳሙና ከነካቸው ወይም ከደረቁ ይሞታሉ፤ እንደገና እስኪራቡም ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ዓሦቹ በገዛ ቆሻሻቸው ይመረዛሉ።»

እናቴ ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና፥ «ታዲያ እርሾው ነው በለኛ! እርሾ ተደፍቶ ምን ሊጥ ይቦካል?» አለች። ከዚያም ስፖንጁን ራሷ ከገንዳው ውኃ ጋር በሳህን ከድና፥ በመኪናው ጋቢና ውስጥ እስከ ሰሚት ድረስ በጭኗ ይዛው ሄደች።

በአዲሱ ቤት ፀሐይ የማይመታውና ወለሉ ያልተዘመመ ስፍራ መርጠን ገንዳውን አስቀመጥን። አሮጌውን ውኃ መለስን። የጎደለውን የሞላነው ክሎሪኑ እንዲወጣ በርሜል ተከፍቶ ሁለት ቀን ባደረ የቧንቧ ውኃ ነው። ማጣሪያው ከነስፖንጁ መሥራት ጀመረ። ዓሦቹንም በድንገት አልገለበጥኋቸውም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል የገንዳውን ውኃ በኩባያ ወደ ባልዲው እየጨመርሁ አለማመድኋቸው። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከአንድ ወር በኋላ ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ወደ ገንዳው አዞርሁለት። አንድ፥ ሁለት እያለ እስከ ስድስት ቆጠረ። ቀጥሎም ዓሦቹን ትቶ፥ «የአባባ መስታወት አልተሰነጠቀም?» ሲል ጠየቀኝ። «አንድም ቦታ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛም ይህን ትምህርት ቤት ጨርሰን ወደየዩኒቨርሲቲው የምንበተንበት ቀን ቀርቧል። ያን ጊዜ ብዙ ነገር አሮጌ ነው፥ ቆሻሻ ነው ብለን ልንጥል ይቃጣን ይሆናል። ከመጣላችን በፊት ግን እርሾው የትኛው እንደ ሆነ እናቶቻችንን እንጠይቅ።