ለስንት ክር?

በተማሪዎች መኖሪያ ስለ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከሚሰሙት አነጋገሮች አንዱ «መሰንቆ ያላለቀ ቫዮሊን ነው» የሚለው ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ፤ የቫዮሊንና የጊታር ጎን ታጥፎ ወገብ ሲያወጣ፤ መሰንቆ ግን አራት ጣውላ ተገጣጥሞ ቀረ፤ የእኛ ሰው እንጨት ማጠፍ አልሆነለትም ይባላል።

ይህ ፍርድ ለእኔ የሩቅ ነገር አይደለም። ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ አናጢ የሆኑት አጎቴ፤ ከበርና ከአልጋ ሥራቸው ጎን ለጎን መሰንቆ ይሠራሉ። ልጆቻቸው ግን አባታቸው ኋላ ቀር ነገር እንደሚሠሩ አምነው ሞያውን ሸሽተውታል። ስለዚህ ነገሩን መመርመር ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

በመጀመሪያ ማጠፍ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ ጎኑ የተሰበረ ጊታር ይዞ መጣ። የጊታር ጎን ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የቫዮሊንማ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። አጎቴ የዋንዛ ጣውላ በመላጊያ አሳሱ፤ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ከዚያም ፍም በተሞላ የብረት ቧንቧ ላይ አስደግፈው ቀስ በቀስ ይጫኑት ጀመር። የእንጨትን ጭረት አያይዞ የሚይዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይለዝባል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እርሳቸው ግን በእጃቸው ያውቁታል። «አትቸኩል፤ እሺ ሲልህ ይሰማሃል» አሉኝ። እሺ ባለ ጊዜም በቅርጹ ልክ በተቆረጠ እንጨት ላይ በሞርሳ አስረው አሳደሩት። በማግሥቱ ሲፈታ እንደ ታጠፈ ቀረ።

እንግዲህ ማጠፍ አልሆነለትም የሚለው ነገር እዚህ ላይ ወደቀ። የመሰንቆውን መምቻ ደጋን ያየ ሰውም ቢሆን እንጨት ሲታጠፍ አይቷል። በስምጥ ሸለቆው ወደ ሰሜን የሚኖሩት የአፋር ሴቶችም አሪ የሚባለውን ቤታቸውን የሚያቆሙት በታጠፈ እንጨት ነው።

ታዲያ ማጠፍ የሚያውቅ ሰው የመሰንቆውን ጎን ስለምን አያጥፈውም? አጎቴን ይህን ብጠይቃቸው ሳቁና «ለስንት ክር ብዬ?» አሉኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ መልሱ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበረ። ቫዮሊን አራት ክር አለው። ተጫዋቹ ዳር ያለውን ክር ለብቻው ለመንካት ደጋኑን ማዘንበል አለበት፤ ወገቡ ባይጎድል ኖሮ ደጋኑ ከእንጨቱ ጋር ይጋጭ ነበር። ስለዚህ ያ የሚያምረው ወገብ ለደጋኑ የተከፈተ መንገድ ነው። መሰንቆ ግን ክሩ አንድ ነው፤ እርሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። አንድን ክር ለመምታት ማዘንበል አያስፈልግም፤ መንገድም አይከፈትም። ከዚህም በላይ የመሰንቆ ፊት ቆዳ እንጂ እንጨት አይደለም፤ አራቱ ጣውላዎች የሚፈለጉት የተወጠረውን ቆዳ አጥብቀው እንዲይዙ ነው። የበገናና የክራር ገበቴ ደግሞ ከእንጨት ተፈልፍሎ ሲወጣ መታጠፍም መገጣጠምም አያሻውም።

ስለዚህ መሰንቆ ያላለቀ ቫዮሊን ሳይሆን ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ ያለቀ መልስ ነው። ጥያቄውን ሳይሰሙ በመልሱ ላይ መፍረድ ለተማረ ሰው አይገባም።

በባቱ ዙሪያ ወጣቱ በአበባ እርሻና በሐይቁ ዳር በአትክልት ልማት ተቀጥሮ ይሠራል፤ እንጀራ ነውና ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን አንድን ሞያ ገንዘብ ስለማያስገኝ መተው ሌላ ነው፤ ያሳፍራል ብሎ መተው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ገበያ ያመጣዋል። ሁለተኛውን ግን የሚያመጣው የተማረው ሰው አፍ ነው፤ ዝም ሊያሰኘውም የሚችል እርሱው ነው።

ይህንኑ ለአጎቴ ታናሽ ልጅ ነገርኩት። ሞያውን እማራለሁ አላለኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። ብቻ ከግድግዳው ላይ የአባቱን መሰንቆ አውርዶ፤ አራቱ ጣውላዎች የተጋጠሙበትን ማዕዘን በጣቱ እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው አየሁ።