ከጓዳ እስከ ብልቃጥ፤ የልደታ የውበት ገበያ

ፊቱ የማያሳስበው ወጣት አለ? ብጉር የወረረው ልጅ ከመስታወት ጋር ይኮራረፋል፤ ማድያት የጀመራት ልጅ ፎቶ መነሳት ትተዋለች፡፡ መድኃኒቱን ደግሞ የማያውቅ የለም! ጎረቤት "ማር ቀቢው" ትላለች፤ አክስት "ኧረ እርድ ነው የሚሻለው" ትላለች፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ደግሞ ከቦርሳዋ ስም የሌለው ብልቃጥ ታወጣለች፡፡ እኔም "ከዚህ ሁሉ የትኛው ይጠቅማል? የትኛውስ ጉድ ይሠራል?" የሚል ጥያቄ ይዤ ልደታን በእግሬ ዞርኩላችሁ፡፡

ለምን ልደታ? አትሉኝም! የድሮውና የአዲሱ ነገር ጎን ለጎን የሚገኝበት ሰፈር ስለሆነ ነው፡፡ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ቦታ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ እስኪፈርስ ድረስ የጭቃ ቤትና የጋራ ግቢ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አውሮፕላኑ የተነሳው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነው፡፡ አሁን ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ከጦር ኃይሎች አንስቶ እዚያው ያወርዳችኋል፡፡ የፈለጋችሁትን የቆዳ ቅባትም እዚያው ታገኛላችሁ፤ ከአያቶች ሥራ ሥር እስከ ውጭ አገር ክሬም!

እንሶስላና የዘንድሮ ልጆች

ወር በገባ በ1ኛው ቀን ልደታ ማርያም በር ላይ ሰው በሰው ነው፡፡ ጧፍ፣ እጣን፣ ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳም ከዘረጉት መሃል አንዲት እናት የተድበለበለ ሥር አስቀምጠዋል፡፡

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው፡፡

"ወይ የዘንድሮ ልጆች! እንሶስላ አታውቂም? እኔ ሙሽራ ሳለሁ እጄም እግሬም ይሄ ነበር" ብለው ሳቁብኝ፡፡

እንሶስላ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይታሰርና ያድራል፡፡ ጠዋት ሲፈታ ቆዳውም ጥፍሩም ቀልቶ ይገኛል፡፡ ነገርዬው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ሥሩ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ከሂናው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ፈንገስን የመቋቋም ኃይል እንዳለውም በላቦራቶሪ ታይቷል፡፡ አሁን በየሳሎኑ የሚሳለው "ጥቁር ሂና" ግን ሌላ ነው፡፡ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ይሄ ደግሞ ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፡፡ የእማማ ሥር በስንት ጣዕሙ!

የቅዳሜ ጓዳ

ከቤተክርስቲያኑ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተሻገርኩ፡፡ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስቱዲዮ ተከራይታ ትኖራለች፡፡ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም ፊታቸውን ቀብተው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ በሩን ድንገት ለከፈተ ሰው ያስደነግጣሉ! ጠረጴዛቸው ላይ ማር፣ አጃ፣ እሬት፣ እርድና ሎሚ አየሁ፡፡ እስቲ በየተራ እንያቸው፡፡

ማሩ ጥሩ ነው፡፡ ውሃ ስቦ ስለሚይዝ የደረቀ ፊት ያለሰልሳል፤ ባክቴሪያም ማር ውስጥ እንደልቡ አይራባም፡፡ በሕክምናውም ከጀርም የጸዳ ማር ለቁስል ይውላል፡፡ አስር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አቆይቶ በለብታ ውሃ መታጠብ በቂ ነው፡፡ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ግን ለሻይም አይሆን!

አጃው ደግሞ ያልተዘመረለት ጀግና ነው፡፡ ልሞ ተፈጭቶ በውሃ ሲላቆጥ የሚያሳክክና የደረቀ ቆዳን ያበርዳል፡፡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንኳ የላመ አጃን ለቆዳ መጠበቂያነት በ2003 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል፡፡ ከሁሉም ርካሹ እሱ፣ ከሁሉም የተናቀው እሱ!

እሬት ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይወጣዋል፡፡ ከቅርፊቱ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ይለበልባል፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው የሚያቀዘቅዘው፡፡ ስለዚህ ቆርጣችሁ ቢጫው እስኪንጠፈጠፍ አቁሙት፤ እጠቡት፤ ከዚያ መሃሉን ውሰዱ፡፡

እርድ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ንጥረ ነገር አለው፤ ማድያት ግን ጠራርጎ አያጠፋም፡፡ ሲበዛ ፊትን እንደ አልጫ ወጥ ቢጫ አድርጎ መስቀል ብቻ ነው ትርፉ፡፡ ከተፈጨው ይልቅ ድፍኑን ገዝታችሁ አስፈጩ፡፡ ባንግላዴሽ ውስጥ ቀለሙ እንዲደምቅ መርዛማ የእርሳስ ማቅለሚያ ይቀላቀልበት እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. በጥናት ተደርሶበታል፡፡

ቅቤ በአደስም እናቶቻችን አልተሳሳቱም፡፡ ለተሰነጠቀ ተረከዝና ነጭ ላወጣ እግር ወደር የለውም፡፡ ብጉር ላለበት ፊት ግን ቀዳዳውን ይደፍንና ያብሰዋል፡፡ እሳት ለነካው ቦታም ቅቤ አይቀባም፤ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው የሚሻለው፡፡

አሁን ወደ ሎሚው እንምጣ! ልጅቷ "ጥቁረቱን ያነሳልኛል" ብላ ትቀባዋለች፡፡ ሎሚ ከቆዳችን ጋር ሲነጻጸር እጅግ በጣም ኮምጣጣ ነው፡፡ ከዚያ የባሰው ግን ፀሐዩ ነው፡፡ ሎሚ የነካውን ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል፡፡ ጥቁረት ሊያነሱ ጥቁረት መትከል ማለት ይሄ ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ እንደሆነች አትርሱ፡፡ በየ1 ሺህ ሜትሩ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ አይቀዘቅዝም፡፡ ማድያትን ከሚያባብሱት ነገሮች ዋናው ፀሐይ ነው፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ እንክብልም ያመጡታል፡፡ በጠራራ ፀሐይ ጥላ ይዘው የሚሄዱትን እናቶች "ዝናብ የለ!" ብላችሁ አትሳቁባቸው፡፡ ከሎሚ ጥላ ይሻላል፡፡

ከጋቢው ሥር

ከሕንጻዎቹ ጀርባ ወይባ ጢስ የሚሞቅበት አንድ ክፍል ቤት አለ፡፡ ወለሉ ተቆፍሯል፤ ወይባው እየጨሰ ነው፤ አንዲት አራስነት የጨረሰች ወጣት ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ከአንገቷ በላይ ብቻ ነው የምትታየው፡፡ "ወገቤም ተፈታ፣ ቆዳዬም ወርቅ መሰለ" አለችኝ፡፡ ላቡ ያፍታታል፤ ጢሱም ቆዳው ላይ ቀለምና ሽታ ይተዋል፡፡ ነገር ግን ፍምና ጢስ ባለበት ቤት መስኮት መዝጋት ሞትን መጥራት ነው፤ የከሰል ጋዝ ድምፅ የለውም፡፡ ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ባይገባ ይመረጣል፡፡ የገባም ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ሲነሳም ቀስ ብሎ ይነሳ፡፡

ስም የሌለው ብልቃጥ

እስካሁን ያየነው ቢከፋ ቢከፋ በእጃችን ያለና የምናውቀው ነገር ነው፡፡ ሆዴን የበላው የመጨረሻው ነው፡፡

አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች የ24 ዓመት ልጅ በጠራራ ቀን ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች፡፡ ወሬ ጀመርን፡፡ ሰርጓ ሦስት ወር ሲቀረው አንዲት ሻጭ "ከማርና ከእርድ በእጅ የተሠራ ነው፣ ምንም ኬሚካል የለውም" ብላ ብልቃጥ ሸጠችላት፡፡ በሳምንቱ ብጉሩ ጠፋ፤ ፊቷም ቀላ፡፡ ጓደኞቿ "ምን ተቀብተሽ ነው?" እያሉ አስቸገሯት፤ እሷም ለሦስቱ አስገዛቻቸው፡፡ ለሰርጓም አማረባት፡፡ ከሰርጉ በኋላ ብልቃጡ ሲያልቅ መከራው መጣ፤ ፊቷ እሳት የነካው ይመስል ቀላ፣ አበጠ፣ ብጉሩ በእጥፍ ተመለሰ፡፡ እንደገና ስትቀባው ይበርድላታል፤ ስትተወው ይነድባታል፡፡

"ባሌ የሚያውቀው ያንን ፊት ነው፤ አሁን መብራት አጥፍቼ ነው የማወራው" ስትለኝ መልስ አጣሁ፡፡

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄደች፡፡ ሐኪሙ "ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ነው" አላት፡፡ ስቴሮይድ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ለችፌና ለመሳሰለው ሐኪም ቀን ቆጥሮ ያዘዋል፡፡ ማንም ሳያውቀው ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያሳያል፣ ፀጉር ያበቅላል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ቆዳው ያምፃል፡፡ በሌሎች የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ሃይድሮኪኖን ወይም ባዜቃ ይገኛል፡፡ ባዜቃ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊት ይጎዳል፡፡ ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነትም ባዜቃ የሚጨመርባቸው ክሬሞች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱ ከልክሏል፤ ቢሆንም በየአገሩ ገበያው ላይ አሁንም ይገኛሉ፡፡

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ ማር በሳምንት አያቀላም! አጃም፣ እሬትም፣ እርድም እንደዚያ አያደርጉም፡፡ የጓዳ ነገር ያለሰልሳል፣ ያበርዳል፣ ያረጥባል፤ የእግዜርን ቀለም አይለውጥም፡፡ "ተፈጥሯዊ ነው" ተብሎ በሦስት ቀን ተአምር የሠራ ቅባት ካያችሁ ውስጡ ያልተነገራችሁ መድኃኒት አለ ብላችሁ ጠርጥሩ፡፡ የጀመራችሁትም ካላችሁ ብልቃጡን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚተው ይነግራችኋል፡፡ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ነው፤ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርትም ዘነበወርቅ አለ፡፡ ቋቁቻና ጭርት የያዛችሁም የእንቁላል አስኳል አታባክኑ፤ ፈንገስ ነው፤ መድኃኒት አለው፡፡

የጓዳውን ነገር መሞከር የምትፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፡፡ ካሳከከ ወይም ከቀላ ፊታችሁ ጋ አይድረስ፡፡ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ሳምንት አታስቀምጡ፤ ይበላሻል፡፡

ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው፡፡ እናንተም ክሬም ስትገዙ እንደ ዳኛ ሁኑ! ብልቃጡን ፊት ለፊት አቁማችሁ ጠይቁት፤ ስምህ ማን ነው? ማን ሠራህ? ውስጥህ ምን ምን አለ? ጊዜህስ መቼ ያልፋል? መልስ ከሌለው ፊታችሁ ላይ ሳይፈርድባችሁ ፍረዱበት፡፡

ቸር ሰንብቱ!