የበራችን ቦይ



ነሐሴ ሊሰናበት ሲል አቃቂ ቃሊቲን አይታችኋት ታውቃላችሁ? ትልቁና ትንሹ አቃቂ ደፍርሰው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ጥቁሩ መሬት ጫማ ይዞ አልለቅ ይላል። ገበሬው ግን አያማርረውም፤ ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራውን የሚዘራው በዚሁ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ነውና።

አንድ ክረምት ጎርፍ ቤታችን እንዳይገባ ብዬ በራችን ላይ ቦይ ቆፈርኩ። ቤታችን ደረቀ። "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቴ ቡና አፍልታ አሮጊት ጎረቤታችንን እንድጠራ ላከችኝ። ስደርስ መስገጃቸውን አጥር ላይ አስጥተው፣ ከቤታቸው ወለል ውኃ በጣሳ እየቀዱ ይደፋሉ። ውኃው የመጣው በእኔ ቦይ ነበር።

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ክረምቱ ሊወጣ ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ" አሉኝ።

ለእናቴ ስነግራት ስኒውን አስቀመጠች። "ማመስገንህስ መልካም ነበር። ውኃው የት እንደሄደ ግን አልጠየቅህም" አለችኝ። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፤ እኔና ወንድሞቼ እስከ መግሪብ ቆፍረን ቦዩን ወደ መንገዱ ዳር አዞርነው። እማማንም ዐፉ በሉኝ አልኳቸው።

ውድ አንባቢ ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የጎረቤትን ሐቅ ምን ያህል አጥብቀው እንዳስተማሩ ሁላችንም እናውቃለን። አደይ አበባ ከመፈንዳቱ በፊት እስኪ ደጅህን ተመልከት፤ ከአንተ ቤት የወጣው ውኃ ማን ቤት ገብቷል?

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።