የኮልፌ ልጅ በኦሎሉዋ ጫካ

ከናይሮቢ መሀል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከካረን ሰፈር ጥግ፣ የኦሎሉዋ ጫካ አለ። የእግር መንገዱ በቀርከሃው መሀል ያልፍና ዋሻውን ታክኮ ምባጋቲ ወንዝ ወደሚወርድበት ፏፏቴ ያደርሳል። ዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ይዘላሉ። ከአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ለመጣ ሰው የጠዋቱ ብርድ እንግዳ አይሆንበትም። እኔን እዚህ ያመጣኝ ግን ሉዊስ ሊኪ የመሠረተው፣ በዚሁ ጫካ ውስጥ ያለው የኬንያ የዝንጀሮና የጦጣ ምርምር ተቋም ነው። ግቢውን ያየሁት ከውጭ ብቻ ቢሆንም፣ እዚያ የተሠራውን ሥራ ካነበብኩ ወዲህ የሰፈሬን ሴቶች ሕመም የማይበት ዓይን ተለውጧል።

ቤልጅየማዊው ሐኪም ቶማስ ዲሆግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ የዝንጀሮዎችን ኢንዶሜትሪዮሲስ አጥንተዋል። በዚህ በሽታ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይበቅላል፤ ያቆስላል፣ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ዝንጀሮዋ እንደ ሴት ልጅ የወር አበባ ታያለች፤ ዑደቷ 33 ቀን ያህል ነው። በአዋሽ ፓርክ የሚኖረው አኑቢስ ዝንጀሮም ከናይሮቢዎቹ ጋር አንድ ዝርያ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ፈስሶ ሆድ ውስጥ ሕዋስ ይዘራል ብሎ ነበር። የናይሮቢው ሥራ ለዚህ ሐሳብ ጉልበት ሰጠው፦ በወር አበባ ጊዜ የተወሰደ የማህፀን ሽፋን ዝንጀሮዋ ሆድ ውስጥ ሲገባ በሽታው ተነሣ። ደግሞም እንስሳቱ በግዞት በቆዩ ቁጥር የታመሙት በዙ። በዱር ያለች እንስት አብዛኛውን ዕድሜዋን በእርግዝናና በማጥባት ታሳልፋለች፤ በአጥር ውስጥ ያለችው ግን ሳትፀንስ ብዙ ዑደት ትቆጥራለች።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ናት። ወሩ ሲደርስ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ ትተኛለች፤ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ጎረቤት ሁሉ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ይላታል። እናቶቻችን ይህን ሲሉ ከልምድ ነው፤ እርግዝና ዑደቱን ስለሚያቆም ሕመሙ ለጊዜው ይታገስ ይሆናል። ፈውስ ግን አይደለም። ይባስ ብሎ፣ «ውለጂና ይለቅሽ» የምትባለውን ልጅ በሽታው ራሱ መካን ሊያደርጋት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ አለባቸው።

የወር አበባ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ደም ወደ ኋላ መፍሰሱ በጤነኞቹም ዘንድ የተለመደ ነው። ሌላ ቀስቃሽ ነገርም መኖሩን የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ጨረር ከነካቸው ሪሰስ ጦጣዎች 53 በመቶው ሲታመሙ፣ ካልነካቸው የታመሙት 26 በመቶ ነበሩ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ ከምግባቸው ጋር ለ4 ዓመት የበሉ ጦጣዎችን ይዟል፦ መርዙን በብዛት ከበሉት 71 በመቶ፣ ካልበሉት 33 በመቶ ታመሙ። እንስሳቱ ጥቂት ነበሩ፤ በሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

ሆኖም የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። ዳይኦክሲን ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ፕላስቲክ የተቀላቀለበትን ቆሻሻ ሜዳ ላይ ማቃጠል ነው። የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ደግሞ የሚገኘው በኛው ክፍለ ከተማ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። ያን ቀን ያየነው ሞት ፈጣን ነበር፤ ጭሱ ቀስ ብሎ የሚያደርሰውንም ጉዳት መመርመር ይገባናል።

እነዚያ ዝንጀሮዎች ይህን ዕውቀት የሰጡን በፈቃዳቸው አይደለም፤ በአጥር ውስጥ ኖረው፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ መጽሔት ውስጥ ተኝቶ መቅረት የለበትም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለክፍል ኃላፊዋ መምህርት፣ ለእናት መድረስ አለበት። በየወሩ ከአልጋ የምትውል ልጅ ካለች ሠርጓን አንጠብቅ፤ ዛሬውኑ የማህፀን ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት።