ሲስተር ፀሐይ እና የሪራ መንገድ

እኛ አገር ነርስን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። «ሲስተር» ናት፣ በቃ። የሰባ ዓመት አዛውንት «ሲስተር፣ መርፌውን ቀስ አድርጊው» ይሏታል፤ የሦስት ዓመቱ ውሪ ደግሞ ነጩን ጋዋን ከሩቅ ሲያይ ለቅሶውን ይለቀዋል። የሁሉ እህት ሆና ትኖርና የአንድ ሰው ሚስት፣ የሆኑ ልጆች እናት መሆኗ ትዝ የሚለን የሕይወት ታሪኳ ቀብር ላይ ሲነበብ ነው። እስቲ ዛሬ የአንዲት ሲስተር ነገር እናውራ።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ነው። «ውይ፣ አውሮፕላኗ!» ያላችሁ አላችሁ አይደል? አዎ፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዷት የኖረችውና በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችልን «ፀሐይ» የተሰየመችው በእሷ ስም ነው። አውሮፕላኗ ስትመለስ ሁላችንም ፎቶዋን ተቀባበልን። ስለ ስሙ ባለቤት ግን ብዙም አላወራንም። (አንቱ ልንላት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ያረፈችው በ22 ዓመቷ ነው። የእኛ እኩያ ናትና ይቅር ትበለን።)

ፀሐይ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለደች። ጣሊያን ሲወርረን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለዘማቹ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ከሚያዘጋጁት ሴቶች ጋር ሠራች። በ1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሰደድ የንጉሥ ልጅ ምን ታደርጋለች? ቁጭ ብላ ትተክዛለች ብትሉ ማንም አይፈርድባችሁም። እሷ ግን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። ነሐሴ 1931 ዓ.ም. በመንግሥት የተመዘገበች ነርስ ሆነች፤ ከዚያም ጋይስ ሆስፒታል ገባች። አልጋ ማንጠፍ፣ ሽንት መድፋት፣ ሌሊት ተረኛ መሆን… ለልዕልት ተብሎ የሚቀር ሥራ አይደለም እንግዲህ።

አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። ያኔ የወለጋ ገዥ የነበሩትን ኮሎኔል (በኋላ ጄኔራል) አቢይ አበበን አግብታ ነቀምቴ ወረደች፤ ፀነሰችም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምቴ አረፈች። ልጁም አልተረፈም። ጣሊያን ከወጣ ገና ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አባቷ ንጉሠ ነገሥት፣ ባሏ ገዥ፣ እሷ ራሷ ለንደን የተማረች ነርስ። ያጣችው ነገር ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም፣ እውቀትም አይደለም። ምጥ ማንነትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በዚያች ሰዓት አጠገብሽ ማንና ምን አለ የሚለውን ነው። ለሌሎች ሲስተር የነበረችው ፀሐይ ለራሷ ሲሆን የሚበቃ እርዳታ ሳታገኝ ቀረች።

አሁን ከወለጋ ወደ ባሌ ውሰዱን። ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቴ። እኛ የከተማ ልጆች ይህን መንገድ የምናውቀው ለቀይ ቀበሮ ብለን ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ እንወጣለን፣ 4,377 ሜትሩን ቱሉ ዲምቱን ከበስተጀርባ አድርገን ፎቶ እንነሳለን፣ «ብርዱ!» እንላለን፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ ሪራን እናገኛታለን። ጉም፣ ቀርከሃ፣ ማር፣ ፈረስ። «እንዴት ያምራል!» ብለን እናልፋለን።

ያው መንገድ ግን የምጥ መንገድም ነው። ሪራ ላይ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ ከተባለች ሽቅብ ሳነቴን አቋርጣ ጎባ መድረስ፣ አለዚያም ጫካውን ሰንጥቃ ወደ ደሎ መና መውረድ አለባት። የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ይላሉ፦ ለመሄድ እስኪወሰን መዘግየት፣ እስኪደረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ እስኪታከሙ መዘግየት። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰሱ ካልቆመ አንዲት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሰዓት ለእኛ አንድ ፊልም ነው። በሌሊትና በውርጭ ሳነቴ ላይ ግን ምን ያህል እንደሚያስኬድ እናንተው ገምቱት።

ነገሩ ተስፋ የለውም ለማለት አይደለም፤ አለው! በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአገራችን በየ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 412 ደርሷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 አድገዋል። ይህ ከሰማይ አልወረደም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሰማራ፤ ቀናቸው ለቀረበ እናቶችም ጤና ጣቢያ አጠገብ ማቆያ ቤት ተሠራ። እዚህ ሁሉ ውስጥ በእግሯ ዳገት የወጣች፣ አማቷን ያሳመነች፣ ባልየውን የተቆጣች አንዲት ሲስተር አለች።

እሷም ሚስት ናት፣ እናት ናት። የጎረቤቷን ልጅ ስታዋልድ የራሷ ልጅ እቤት ትኩሳት ይዞት ሊሆን ይችላል። ሆዷ ገፍቶ የሌላዋን ሆድ የምትለካም አለች። የእሷ ቀን ሲደርስ ማን አለላት?

ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል ነበራት። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባለት በእነሱ አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተቀየረ። ዛሬ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲል የሚጠራው እሱኑ ሆስፒታል ነው። በዚያ በኩል ስታልፉ ከስሙ በታች ሌላ ስም እንዳለ አትርሱ።

ለእኛ ግን ከሰሌዳ የሚበልጥ መታሰቢያ አለ፦ ሪራ ላይ ያመጠች ሴት ሳነቴን ሳታቋርጥ ወልዳ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ መግባቷ፤ መሻገር ካለባትም መኪናው በሰዓቱ መድረሱ። ያዋለደቻት ሲስተርም ተረኝነቷን ጨርሳ ወደ ልጆቿ መመለሷ። እስከዚያው፣ የሰፈራችሁን ሲስተር ነገ ስታገኟት በስሟ ጥሯት። ልጆቿ ደህና መሆናቸውንም ጠይቋት፤ እሷ የእኛን ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

ማርያም ትቅረባቸው፤ አላህ በሰላም ይገላግላቸው። ቸር ሰንብቱ!