ከጣና ዳርቻ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ እናቴና ለእህት ወንድሞቼ፤

ስልክ ስደውል ድምፁ እየተቆራረጠ ወሬው ስላልደረሳችሁ በወረቀት ልጻፍላችሁ ብያለሁ። ስለ ባሕር ዳር ዘንባባና ስለ ጣና ስፋት በቴሌቪዥን ያያችሁትን አልደግምላችሁም። የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቢላዋ ነው።

እማዬ፣ ስነሣ “ይህችን እንኳ ያዝ” ብለሽ ከጓዳ አውጥተሽ የሰጠሽኝ ቀጭኗ ቢላዋ እጀታዋ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሚርቀው ዘጌ ላይ ተሰበረ። ፕላስቲኩ በፀሐይና በፈላ ውሃ ብዛት ድሮም ደርቆ ኖሯል፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ስናጸዳ ከሁለት ተሰንጥቆ ወደቀ። የቀረው ስለቷና ከስለቷ ሥር የሚወጣው ጠባብ የብረት ጭራ ነበር። እኔ በጨርቅ ጠምጥሜ ልጨርስ ስል አጠገባችን መረብ ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት አሣ አጥማጅ “ተው ልጄ፣ ያዳልጥና እጅህን ይቆርጥሃል፤ ወዲህ በላት” ብለው ተቀበሉኝ።

መጀመሪያ የሄዱት እንጨት ፍለጋ ነው። በቦታው ጻድቅ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት የዘጌ መሬት አይታረስም ይባላል፤ ሰዉ የሚተዳደረው በጫካው ቡናና ጌሾ ነው። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምም በዚሁ ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ዛፍ እንደልብ አይቆረጥም። አዛውንቱም የቆመ ዛፍ አልነኩም። ወድቆ ያገኘሁትን የዋንዛ ቅርንጫፍ ባሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዋንዛ ለበርና ለከበሮ እንጂ ለቢላዋ እጀታ ይለሰልሳል አሉኝ። ወይራ ቢገኝ ይመርጡ ነበር። በመጨረሻ ያነሡት ከተጎነደለ አሮጌ ቡና የተረፈ ደረቅ ግንድ ነው። የቡና እንጨት ቀጭን ቢሆንም ጠጣርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ክብደቱ ያስደንቃል። እርጥብ እንጨት ግን፣ የቡናም ይሁን የወይራ፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ወይ ይሰነጠቃል ወይ ብረቱን ይለቅቃል። “የደረቀ ይሁን እንጂ ነቀዝ ያልገባው” አሉ አዛውንቱ፣ ግንዱን በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ። ስለቷን በሐይቁ ውሃ ባራሱት ጨርቅ ደህና አድርገው ጠቀለሉና ጭራዋን ብቻ አሣው ሊጠበስበት በተዘጋጀው ፍም ውስጥ ከተቱ። ጨርቁ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስለቱ ከጋለ ይሞታል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የተሳለ ብረት ግሎ ቀለሙ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ሲዞር ጥንካሬው ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢስሉትም ስለቱን አይዝም። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር እኔ ውሃ እያፈሰስኩ አርሰው ነበር።

ጭራው ፍም ሲመስል አውጥተው በእንጨቱ ልብ ላይ ቀጥ አድርገው ጫኑት። ጢሱ ቡን ብሎ ወጣ። ጥቂት እንደገባ ሳይጣበቅ መልሰው ነቀሉት፤ አመዱን አራገፉ፤ እንደገና አጋሉት፤ እንደገና ጫኑት። መሰርሰሪያ የለም፣ ሙጫ የለም። “ብረቱ ቤቱን ራሱ ይሥራ” ነው የሚሉት። ቀዳዳው የሚወጣው በብረቱ በራሱ ቅርጽ ስለሆነ ክፍተት አይኖረውም። መጨረሻ ላይ ግማሽ ጣት ያህል ሳያቃጥሉ ተዉ። ስለቷን ወደ ታች አንጠልጥለው የእጀታውን ጫፍ ከላይ በዱላ ሲመቱት ብረቱ ባለበት እየቀረ እጀታው ወደ ታች ወረደና ያልተቃጠለችውን ነክሶ ያዘ። አንገቱ ላይ በውሃ የራሰ ጠፍር አጥብቀው ጠመጠሙ። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ገበሬውም ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው በጠፍር ነው። በማግሥቱ ይዤ ሳወዛውዛት ንቅንቅ አላለችም።

“አባቴ፣ ይህን ከማን ተማሩ?” አልኳቸው። በልጅነታቸው ጎንደር በኩል ባለ እጆች ደጅ ወናፍ ይነፉ እንደነበር ነገሩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ያደረጉበት ምክንያት ገብቶኛል፣ አዝኛለሁም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልንን ሰው ቡዳ እያልን ከማዕድና ከጋብቻ ያራቅን እኛው ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አገኘ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ርስት የተነፈጉ ሰዎች በእጃቸው ሙያ አገሩን ሲያገለግሉ ኖረው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወገኖቻቸው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ከነሱ ጋር ስንት ዓይነት የብረት ዕውቀት አብሮ እንደሄደ ሳስብ ይቆጨኛል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ስላሠሩት መድፍ ስናወራ ደረታችንን እንነፋለን፤ ወናፍ ለሚነፋው ጎረቤታችን ግን ልጃችንን አንድርለትም ነበር። እኔ ይህን ነውር ነው እላለሁ።

ለአዛውንቱ ገንዘብ ብሰጣቸው አልተቀበሉም፤ አሣውን አብረን በላን። የተረፈውን የቡና ግንድም ሰጥተውኛል፤ ይዤው እመጣለሁ።

አሁን አደራ። እማዬ፣ የጓዳውን ትልቅ ቢላዋ እጀታው ላላ ብለሽ እንዳትጥዪው። ጭራው ዝገት ካልበላው ገና ብዙ ያገለግላል። እኔ እስክመጣ ካልታገሣችሁም ከናንተ አንዱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይውሰደው፤ ቀጥቃጮቹ እጀታ ያስገቡለታል። ስትሄዱ ዋጋ አትከራከሩ፣ ሰላምታችሁንም በአክብሮት አድርጉት።

ልጃችሁና ወንድማችሁ፣
ከባሕር ዳር